ያልተረጨው ጓዳ

ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በተቀመጥኩ በሁለተኛው ክረምት ያገኘሁት ሥራ የሰው ቤት ግድግዳ ማርጠብ ነበር። የወባ መድኃኒት ረጪ ሆንኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ግድግዳ ተደግፎ በሚውል ጎረምሳ ተሞልታለች። ለአንድ ክረምት ፓምፕ አዝሎ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ይፈለጋል ሲባል ተጋፍተን ነው የተመዘገብነው። በዕውቀቴ የተመረጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻዬ ሰፊ ስለሆነ ነው።

መንደር ስንደርስ ባለቤቶቹ ቁርበቱን፥ እንስራውን፥ ሌማቱን፥ ዶሮውን ሁሉ ወደ ደጅ ያወጣሉ፤ የማይነሣውን ጎታ በላስቲክ ይሸፍናሉ። እኛ አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን እንገባና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ዲዲቲ እናጠጣዋለን። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ትንኟ ደም ጠጥታ ስታርፍበት ትሞታለች ነው ነገሩ። ከዚያ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን። ሰዉ ትኋንና ቁንጫውን ስለምናጠፋለት ይወደናል፤ ሽታው ሲቆይበት ደግሞ ይረግመናል።

የቡድን መሪያችን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ያረጀ፥ ቀጭን፥ ቁጡ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ አይገባም። ደጅ ቆሞ በጆሮው ነው የሚቆጣጠረን። የፓምፑ ፉጨት ከተቋረጠ «ምን ተገኘ? ጠላ ቀረበልህ?» ብሎ ይጮኻል። ትእዛዙም አንድ ነው፦ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይወርዳል፤ ሥዕልም ቢሆን፥ መስቀያም ቢሆን፥ የወፍ ጎጆም ቢሆን።

በዚያ ዓመት ለቡድናችን የደረሰው ወደ ብር ወንዝ የሚወርደው ቆላ ነው። ታላቅ እህቴ የተዳረችው እዚያ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት፥ ዝምተኛና ደግ ገበሬ ነው። ጎደላቸው የሚባል ነገር ቢኖር ልጅ ብቻ ነው። እህቴ ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ የመጀመሪያው እግር ሊተክል ሲል፥ ሁለተኛው ጥርስ ሳያበቅል ሄዱባት። አሁን ሦስተኛውን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ወፏንም ላስተዋውቃችሁ። ጀርባዋ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፥ ወገቧ ቀላ ያለ፥ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ፈጣን ወፍ ናት። መጽሐፍ ጨረባ ይላታል፤ የእህቴ ቤተሰቦች ግን ጭቃ ወፍ ነበር የሚሏት። ግንቦት ላይ ዝናብ ጠብ ሲል ከኩሬ ዳር በአፏ ጭቃ እየለቀመች ትመጣና ከጣራ ሥር ቤቷን ትመርጋለች። አንዳንዴም ከበሩ በላይ ባለው ክፍተት ሾልካ ትገባና ቤት ውስጥ፥ ጣራውን በሚሸከመው ወጋግራ ላይ ትሠራለች። እንክብል በእንክብል ነው የምታቆመው፤ እንደሷ ምርጊት የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም።

በእህቴ ቤት ይህች ወፍ እንዲሁ ወፍ አልነበረችም። አማቷ፥ የባሏ እናት፥ እንደሚሉት ቤቱ የሣር ክዳን ሳለ ጭቃ ወፍ ከጓዳው ጠፍታ አታውቅም። ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሲለብስ ጎጆዋ ከነጫጩቶቿ ወደቀ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ልጅ ሞተ። ሁለተኛው ሲወለድም ወፏ አልተመለሰችም፤ እሱም አልቆየም። ዘንድሮ ግን በግንቦት ጥንድ ሆነው መጡና ጓዳ ገብተው፥ ልክ ከእህቴ መደብ በላይ ጎጆ ሠሩ። የእህቴ ሆድ መግፋት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህ በኋላ አማቷን ማን ያሳምናቸዋል? ያንን የበሩን ክፍተት ማንም በጨርቅ እንዳይወትፈው እየዞሩ ይጠብቁ ጀመር።

እኛ የደረስነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ባሏ የቀረችውን በርበሬ በአህያ ጭኖ ቡሬ ገበያ ሄዷል። ዕቃው ደጅ ወጥቶ ላስቲክ ለብሷል፤ ካፊያ ይጥላል። ፓምፔን አዝዬ ልገባ ስል እህቴ ማንገቻውን ከኋላ ይዛ ወደ ቤቱ ጥግ ጎተተችኝ።

«ወንድም ዓለም፥ ጓዳውን ተውልኝ» አለች ቀስ ብላ።

«እታለም፥ ዋናው እኮ ጓዳው ነው። የምትተኝው እዚያ አይደል?»

«ጫጩት ፈልፍላለች። አሁን ጎጆዋን ብትነኩት...» እኔን ሳይሆን ሆዷን ነበር የምታየው።

«ወፍ ኸልጅ ጋር ምን አገናኘው?» አልኳት።

አማቷ ከኋላችን መጥተው ቆመው ኖሯል። «ልጀ፥ አንተ የተማርክ ነህ፥ እኔ መሀይም ነኝ» አሉኝ። «ቆርቆሮውን የመቱት አናጢዎችም ወፍ ኸልጅ ምን አገናኘው ነበር ያሉኝ። እሽ ብዬ ዝም አልኩ። ኸዚያ ወዲያ ሁለት ሬሳ በዚህ በር ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ፥ አንተ አይደለህም።»

«እሜቴ፥ አንቱ እንዳሉት አይደለም። እነሱንም የገደለቻቸው ይቺው ወባ ትሆናለች እኮ!»

ይህን ስል ድምፄ መቅጠኑን ራሴ ሰማሁት። ባዮሎጂ ክፍል የትንኟን አፍ ሥዬ አውቃለሁ፤ አሥር ከአሥር ነው ያገኘሁበት። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ፊት ግን ያ ሥዕል ከየትም ተፈልጎ አይገኝም። እህቴ ማንገቻውን አልለቀቀችም። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ይባበላል።

«አዝዬህ ነበር እኮ» ብቻ አለችኝ።

መሪው ከአጥሩ በኩል «ምን ተገኘ?» ብሎ ጮኸ። ገባሁ።

ውጭኛውን ክፍል እንደ ደንቡ ረጨሁ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጬ ወደ ጓዳው አለፍኩ። ጎጆው ወጋግራው ላይ ተለጥፏል፤ በጠባቡ አፉ ቢጫ ከንፈር ያላቸው ጭንቅላቶች ተጋፍተው ወጥተዋል። አራት ናቸው። እናት ይሁን አባት የማላውቀው አንዱ ወፍ ጓዳውን በሚለየው ግድግዳ አናት ላይ አልፎ ገባና እኔን ሲያይ ተጠማዞ ወጣ። እጄ ሲዘረጋ ጎጆው ላይ ይደርሳል። አልዘረጋሁትም። ተመልሼ ውጭኛውን ክፍል፥ የረጨሁትንኑ ግድግዳ፥ እንደገና ረጨሁት፤ ፉጨቱ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ግድግዳው ጠግቦ ይንጠባጠብ ጀመር። ወጥቼ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክቴን አደረግሁ። መሪው አየውና ራሱን ነቅንቆ ወደ ጎረቤት አለፈ።

ጨርሶ ሞኝ ነበርኩ እንዳትሉኝ፤ መላ መትቻለሁ። «ጫጩቶቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆዩ ነው፤ ሲበሩ መጥቼ ጓዳውን እረጨዋለሁ። እስከዚያ ውጭኛው ክፍል ተኝ» አልኳት። «እሽ» አለች፤ አማቷም «እሽ» አሉ። ያን ቀን ሁለቱንም ወገን ያስታረቅሁ ሽማግሌ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ነሐሴ ላይ ቡድናችን ወደ ማዶ ተሻገረ። የብር ወንዝ ሞላ። ወንዙ ሳይጎድል ዘመቻው አለቀና ፓምፖቹም የተረፈው መድኃኒትም ተሰብስበው ፍኖተ ሰላም መጋዘን ገቡ። መሪዬን አደባባይ ላይ ጠብቄ፥ ጠላ ጋብዤው፥ ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ «አንድ ቤት ጓዳው የቀረ ይመስለኛል» አልኩት።

«ምልክት ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ተረጭቷል» አለኝ። «ሳይረጭ ምልክት ያደረገ ሰው ካለ ይባረራል፤ እኔም አብሬው እባረራለሁ፤ ስድስት ልጅ አለኝ። አሁን ምን እያልከኝ ነው?»

«ምንም» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያንን የጠመኔ ምልክት እኔም ላጠፋው አልቻልኩም።

ወንዙ ሲቀንስ በእግሬ ሄድኩ። ጫጩቶቹ በርረው ሄደዋል፤ ጎጆው ባዶ ነው። እህቴ ግን ጓዳዋን አልለቀቀችም። አማቷ እርጉዝ ሴት አላፊ አግዳሚው በሚያይበት አትተኛም፥ ዓይን ይመታታል ብለው ከልክለዋታል። ተከራከርኩ። ለመንኩ። በመጨረሻም ተቆጣሁ፤ አማቷ ቁጣዬን እንደ ልጅ ቁጣ ሰምተው እርጎ አቀረቡልኝ። ለባሏ ልንገረው ብዬ አሰብኩና ያለሱ ፈቃድ ሁለቱ ሴቶች ከኔ ጋር የዶለቱትን ማውጣት ሆነብኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ። ሆዴም ፈጀው።

የመስቀል ሰሞን ሰው ተላከብኝ። እየሮጥኩ ስወርድ እህቴን በቃሬዛ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ ተገናኘን። የአንዱን ሰው ትከሻ ተቀበልኩ። ሦስት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ የቃሬዛው እንጨት ትከሻዬ ላይ አብሯት ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንዴ ስሜን ትጠራለች፥ ግን ሕፃን ሳለሁ በምትጠራኝ አጠራር ነው። «አለሁ፥ እታለም» እላለሁ። መኖሬ ምን ረባት?

ጤና ጣቢያው ከደጁ ጀምሮ በበሽተኛ ተሞልቷል፤ ያ ዓመት ወባ ቆላውን ያጨደችበት ዓመት ነው። ተራ ደርሶን አንድ የደከመው ሐኪም አያት፤ ደሟን አስወሰደ፤ መርፌ አዘዘ። እየጻፈ ቀና ሳይል «ቤታችሁ ዘንድሮ ተረጭቷል?» ብሎ ጠየቀ።

«ተረጭቷል ጌታዬ» አለ ባሏ። ኩራትም ነበረበት። «የረጨውም ይኸው ወንድሟ ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ ግድግዳውን በእበት ለስናችሁ መድኃኒቱን ሸፈናችሁት እንዴ?»

«አልለሰንም» አለ ባሏ።

«ገረመኝ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

አፌን ከፈትኩ። ምን እንደምል እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ግን ብናገርስ ምን ይለወጣል? መርፌው ያው መርፌ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው፤ ባሏ በዚያ በሚያምነኝ ዓይኑ እያየኝ ስለነበር አፈርኩ። አፌን ዘጋሁ።

ሲመሻሽ ምጥ መጣ። ጊዜዋን ያልጠበቀች፥ እጅ የማትሞላ ሴት ልጅ ተወለደች። ድምፅዋ እንደ ድመት ግልገል ነበር። ባሏ ሳትጠመቅ እንዳታልፍ ብሎ ቄስ ፍለጋ ሮጠ። ቄሱን ይዞ ሲመለስ አልፋለች። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ፍታት የለውም፤ በማግሥቱ እኔና እሱ ብቻችንን ቀበርናት። አፈሩ ገና የክረምቱን ውሃ አልጨረሰም፤ አካፋው ላይ ይጣበቃል። ባሏ ቀኑን ሙሉ ያወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው። «ወፎቹ እንኳ ዘንድሮ አራት አሳደጉ» አለ።

እህቴ ዳነች። ቤቷ በገባች በሳምንቱ ዘመድ ሊያጽናናት ተሰበሰበ። ከስታ፥ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሰዉ የፈጣሪን ሥራ እያነሣ ሲያጽናና ድንገት ወደ እኔ ጠቆመች።

«እኔን ያተረፈኝ ይኼ ወንድሜ ነው» አለች። «ጓዳውን ሳይረጭ ትቶ ጎጆዋን ባያድናት ኖሮ እኔም ኸልጄ ጋር በሄድኩ። እግዜር ልጅቱን ወሰደ፥ እኔን ግን በሱ ምክንያት ማረኝ።»

አማቷ «ዕድሜ ይስጥህ ልጀ» ብለው መረቁኝ። ሰዉም አሜን አለ። ባሏ ግን አሜን አላለም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ ሐኪም የጠየቀውን ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ተነሥቶ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። ዱላ አንሥቶ ቢመታኝ ያን ያህል ባላመመኝ። እሱም እንደኔ አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፦ እውነቱን ብንነግራት ልጇን የገደለች እሷው ትሆናለች። ስለዚህ ዝም አልን፥ ሁለታችንም።

በሚቀጥለው ሰኔ ባሏ በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣ። ጥግ ይዘን ቆምን።

«ደግሞ ይዛለች» አለኝ። «ወፎቹም መጥተዋል፤ እዚያው ከመደቧ በላይ ናቸው። ኻንተ በቀር ሌላ ረጪ አላስገባም ብላለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ርጨው። እኔ ጎጆውን ባወርደው ቤቴ አትኖርም። አንተ ወንድሟ ነህ፤ ወንድም አይፈታም።»

ሐምሌ ላይ እንደገና ተቀጥሬ ከቡድኑ ጋር ሄድኩ። እህቴ ሳቅ ብላ ተቀበለችኝ። ዕቃውን ራሷ አውጥታለች። የጓዳውን መጋረጃ አጥብቃ ዘግታ «ያንተን አውቃለሁ፤ ውጭኛውን ብቻ» አለችኝ። ውጭኛውን ረጨሁ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ጎጆውን ሳይፈርስ በቢላ ፈልፍዬ ላነሣውና በእንቅብ አድርጌ ከጣራው ሥር፥ ከደጅ በኩል ልሰቅለው አስቤ ነበር። ገና ስነካው እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ላባ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች መዳፌ ላይ ቀሩ። እንቅቡ ውስጥ ገለባ አንጥፌ አስቀመጥኳቸውና ጓዳውን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት።

ፉጨቱን ከጓዳ ስትሰማ መጥታ መጋረጃው ሥር ቆመች። «ወንድም ዓለም?» አለች፤ ስም ጠርታ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው። አፍና አፍንጫዬ እንደታሰረ መርጨቴን ቀጠልኩ። የወጋግራውን ባዶ ቦታ አየች። መጋረጃውን ለቃ ወደ ደጅ ወጣች። ወፎቹ የነበረውን ቤታቸውን ፍለጋ ከበሩ በላይ ሲገቡ ሲወጡ ዋሉ፤ ጥቂት ክንድ የማይርቀውን እንቅብ አንድ ጊዜ እንኳ አልጎበኙትም። ፀሐይ ሳትዞር ጫጩቶቹ ቀዘቀዙ። መሪዬ ደጅ ሆኖ ስለ ጓዳው «ጎበዝ፥ እንዲህ ነው ሥራ» አለኝ።

እህቴ የቀሩትን ወራት ሞት ስትጠብቅ ኖረች። ለልጁ መታቀፊያ ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀችም፤ ለማን ብዬ አለች አሉ። ዘመድ ሲጠይቃት «ወንድሜ ቀብሮኛል» ትላለች። በዚያ ዓመትም መንደሩ ውስጥ የታመመ አልጠፋም፤ እሷን ግን ብርድ ብርድ እንኳ አላላትም። መድኃኒቱ ይሁን ዕድሏ፥ ልምልላችሁ አልችልም። የመጀመሪያውን ዓመትም ትንኟ ጓዳ ትንከሳት ወይ ደጅ፥ ማን ያውቃል? ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ፤ አላሳረፈኝም። ብቻ ጊዜውን ጠብቆ ወንድ ልጅ ተወለደ።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ተጠራሁ። የጠራኝ ባሏ ነው። ቤቱ ሞልቷል፤ ጠላው ይቀዳል፤ እህቴ ልጇን ታቅፋ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ታወራለች። «ወንድሜ ጎጆዋን አፍርሶብኝም እግዜር ኸሱ እጅ አውጥቶ ሰጠኝ» ስትል ሰማኋት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቀረብ ብዬ ልስመው እጄን ዘረጋሁ። ልጁን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረችው።

«አንተ አትንካው» አለች፤ ሳትቆጣ፥ እሳት እንዳይነካ እንደምትከለክል ሁሉ። ባሏ ዋንጫው ውስጥ ነበር የሚያየው። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ሁሉ ይፈታ ነበር፤ እኔም ብናገር እንደዚያው። የዚያች የቀበርናት ልጅ ነገር በመካከላችን አለ፤ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ደጅ ወጣሁ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። የጠገበ፥ ጉሮሮው የሞላ ልጅ ለቅሶ ነበር። እስኪጨርስ ድረስ ግድግዳው ሥር ቆሜ አዳመጥኩት።